ሜሪላንድ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ያጸናው ዳኛ ነው ወይስ መራጭ?

የመነሻው ጽሑፍ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር ደጋግመን እንላለን፤ በ2015 ዋሽንግተን የተቀመጡ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ጋብቻን ለወጡብን እንላለን። ለብዙ ክፍለ ግዛቶች አባባሉ ልክ ነው፤ ለሜሪላንድ ግን አይሠራም። እዚህ ጋብቻውን የፈቀደውን ሕግ ያወጣው በክፍለ ግዛቷ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ያለው ምክር ቤት ነው። በፌብሩዋሪ 2012 የተወካዮች ምክር ቤቱ በ72 ለ67፣ ሴኔቱ ደግሞ በ25 ለ22 ድምፅ አሳለፉት፤ አገረ ገዥው ማርቲን ኦማሊም ማርች 1 ቀን ፈረሙበት። ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ወደ ሕዝበ ውሳኔ ወሰዱትና ኖቬምበር 6 ቀን፣ ፕሬዚዳንት በተመረጠበት በዚያው ወረቀት ላይ፣ 52.4 በመቶው መራጭ ሕጉ ይጽና አለ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ሥራ ላይ ሲውል ለዋሽንግተኑ ውሳኔ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቀር ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሕዝብ በድምፁ ያጸናው ሕግ ዳኛ ካዘዘው ይልቅ ሥር ይሰዳል ወይ? ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ መጀመሪያውኑ ለድምፅ ብልጫ መቅረብ ነበረበት ወይ? እኔ ያን ቀን ድምፅ ሰጥቻለሁ። የቱን እንደመረጥኩ እዚህ አልጽፍም፤ ብጽፍ ውይይቱ ስለ ሕጉ መሆኑ ይቀርና ስለ እኔ ይሆናል።

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም ከጽሑፉ ሥር የተከተለው ውይይት፣ ስለረዘመ፣ አወያዩም አንዳንዱን መልስ ስለሰረዘው፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች የተባለውን በቅደም ተከተል በራሴ ቃል እተርካለሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ በአክብሮት ሰላምታ ጀምረው ታሪኩን ወደ ኋላ ሳቡት። ጋብቻ የሚጸናው በወንድና በሴት መካከል ብቻ ነው ብላ በሕግ በመጻፍ ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ የቀደመችው ሜሪላንድ ራሷ መሆኗን፣ ይህም በ1973 እንደነበር አስታወሱ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1972 የወንድና የሴት እኩልነት በክፍለ ግዛቷ የመብቶች መግለጫ ውስጥ እንደገባና ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ብዙ ነገር እንደሚያስረዳም ጨመሩ። በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው መረጃ ይህ ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን ማንም ብዙ አልቆመበትም።

2ኛው መልስ ሰጪ በአጻጻፋቸው የሕግ ሰው ይመስላሉ። በ2004 ባለጉዳዮች ክስ እንደመሠረቱ፣ በጃንዋሪ 2006 አንዲት የባልቲሞር ዳኛ የ1973ቱን ሕግ ያንኑ የእኩልነት አንቀጽ ይጥሳል ብለው እንደሻሩት፣ ውሳኔው ግን ይግባኙ እስኪታይ ታግዶ ስለቆየ በእሱ አንድም ሰው እንዳልተጋባ ዘረዘሩ። በሴፕቴምበር 2007 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ የዳኛዋን ውሳኔ ሻረው። የእኩልነት አንቀጹ ወንድንና ሴትን ለማስተካከል የተጻፈ ነው፤ የ1973ቱ ሕግ ደግሞ ሁለቱንም ጾታ እኩል ይከለክላል የሚል ነበር ምክንያቱ። ሆኖም ፍርድ ቤቱ በሩን አልዘጋም፤ ምክር ቤቱ ከፈለገ ሊፈቅድ ይችላል ብሎ ተወው። እርሳቸው እንደሚሉት ዳኞቹ ጉዳዩን ወደ አናፖሊስ ባይመልሱት ኖሮ እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ራሱ አይኖርም ነበር።

3ኛው መልስ ጠንከር ያለ ቢሆንም ጨዋነቱን የጠበቀ ነበር። ጸሐፊዋ ጉዳዩ ለድምፅ መቅረብ አልነበረበትም ባይ ናቸው። የብዙኃኑ ስሜት የጥቂቶችን ጋብቻ ሲወስን ምን እንደሚመስል ከዚችው ምድር ታሪክ የበለጠ ማስረጃ የለም ይላሉ፤ ሜሪላንድ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች በ1664 ነጭ ሴት ጥቁር ባሪያ እንዳታገባ በሕግ የቀጣች ስትሆን፣ የጥቁርና የነጭን ጋብቻ የሚከለክለውን ሕግ የሰረዘችው በ1967 ነው። ያ ጥያቄ በ1950ዎቹ ለሕዝበ ውሳኔ ቢቀርብ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር ብለው ጠየቁና መልሱን ለአንባቢ ትተው ወጡ።

4ኛው መልስ አጭር ነበር። ሰውዬው በ2012 ተቃውመው ድምፅ እንደሰጡ፣ እንደተሸነፉ፣ ውጤቱንም እንደተቀበሉ ጻፉ። በዳኛ ቢወሰንባቸው ግን ዛሬም ይከነክናቸው እንደነበር አልደበቁም። ለመጀመሪያው ጥያቄዬ ቀጥተኛ መልስ ያገኘሁት ከዚህ ነው፤ በሦስት መስመር።

5ኛዋ እህት በ2012 በጸደይ ወራት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጠረጴዛ ዘርግተው ለተቃውሞ ፊርማ ካሰባሰቡት አንዷ ናት። የጻፈችው ነገር ብዙዎቻችን ያላሰብነው ነው። የክፍለ ግዛቷ ሕግ ፈራሚው ስሙን በመራጮች መዝገብ ላይ እንደሠፈረ፣ ወይም ቢያንስ የመዝገቡን የቤተሰብ ስም ከአንድ ሙሉ የግል ስምና ከቀሪዎቹ ስሞች መነሻ ፊደል ጋር አድርጎ እንዲጽፍ ያዛል። የእኛ ሰው ደግሞ ስምህ ማን ነው ሲባል ስሙንና የአባቱን ስም ይጽፋል፤ መዝገቡ ላይ በቤተሰብ ስምነት የተቀመጠው ግን የአያቱ ስም ነው። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው፣ በጥንቃቄ የፈረሙበት ገጽ በዚህ ምክንያት ሊሰረዝ መሆኑን ይህች እህት ስታውቅ፣ በሁለተኛው እሑድ የመንጃ ፈቃዳቸውን እያየች ስሙን ፊደል በፊደል ታስነግራቸው ጀመር። በመላው ሜሪላንድ የሚያስፈልገው ፊርማ 55,736 ሲሆን የቀረበው ከ160 ሺህ በላይ ስለነበረ የእነርሱ ገጾች መውደቅ አለመውደቅ ውጤቱን እንደማይለውጠው ታውቃለች፤ ቢሆንም እስካሁን ይቆጫታል።

6ኛው መልስ ሰጪ ለዚህች እህት ሌላ ነገር አስታወሷት። የፔቲሽን ፊርማ እንደ ድምፅ ምሥጢር አይደለም፤ ማን እንደፈረመ ሊታይ ይችላል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዋሽንግተን ያለው የመስማት የተሳናቸው ዩኒቨርሲቲ ከኃላፊዎቹ አንዷን ያንን ፔቲሽን ፈርመዋል ተብሎ ከሥራ አግዷቸው እንደነበረ፣ አገረ ገዥው ኦማሊ ራሳቸው የሕጉ ዋና ደጋፊ ሆነው ሳለ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ማለታቸውን፣ ሴትዮዋም በጃንዋሪ 2013 እንደተመለሱ አነሡ። በግቢው ውስጥ ለፈረሙት እናቶች ይህ ተነግሯቸው ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። 5ኛዋ እህት አልመለሰችም።

7ኛው ጸሐፊ ሕጉን ያሳለፉት ነጮች ናቸው፣ ጥቁሩም ስደተኛውም አንድ ላይ ተቃውሟል ሲል በእርግጠኝነት ተናገረ። 8ኛው ወዲያው አረመው። ብዙ ጥቁሮች በሚኖሩበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተቃውሞው ያሸነፈው በጠባብ ልዩነት ነው፤ ማለትም ካውንቲው ለሁለት ተከፍሏል። ብዙ ጥቁሮች ያሉባት የባልቲሞር ከተማ ደግሞ ደግፋለች። ስደተኛው በብዛት የሚኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም እንዲሁ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። ፕሬዚዳንት ኦባማ በሜይ 9 ቀን 2012 አቋማቸውን ይፋ ባደረጉ በአሥረኛው ቀን ትልቁ የጥቁሮች መብት ማኅበር ድጋፉን መግለጹንም ጨመረ። 7ኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ቁጥር መጥራቱን ትቶ ስለ ኦባማ ማውራት ጀመረ፤ እሱን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

9ኛው መልስ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አውጥቶ ያነበበ ሰው መልስ ነው። ጥያቄ 6 ተብሎ የቀረበው አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሆን አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሲቪል ጋብቻ ፈቃድ ማግኘት ይችላሉ ይላል። የቀሩት ሦስቱ በሙሉ ስለ ሃይማኖት ናቸው፤ የሃይማኖት አገልጋይ እምነቱ የማይፈቅደውን ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም፣ በእምነቱ ውስጥ ማን ከማን እንደሚጋባ የሚወስነው እያንዳንዱ እምነት ራሱ ነው፣ የሃይማኖት ድርጅቶችም ለእንዲህ ያለ ጋብቻ አገልግሎት እንዲሰጡ አይገደዱም የሚሉ ናቸው። ጸሐፊው ይህን ያነበቡት እንደ ተንኮል ነው፤ መራጩን ለማባበል ማር የተቀባ ወረቀት ነው አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሕጉ በአናፖሊስ ያለፈው ከ141 ተወካዮች የሚያስፈልገውን 71 ድምፅ በአንድ ሰው ብቻ በልጦ ነው፤ ያን አንድ ሰው ያስገኙት እነዚሁ ሦስት ክፍሎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ወረቀቱ የሕጉን ይዘት ነው የተናገረው።

የክሩ እምብርት 10ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ዲያቆን ናቸው። እንደ እርሳቸው አባባል ሁላችንም ሲቪል ጋብቻ ሌላ፣ ተክሊል ሌላ እያልን በቀላሉ እናልፋለን፤ በሜሪላንድ አሠራር ግን ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ። ሙሽሮች በተክሊል ከመጋባታቸው በፊት ሮክቪል ካለው ፍርድ ቤት ከሬጅስትራሩ ፈቃድ ያወጣሉ። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይጸናል፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጋቡበት ይከስማል። ካህኑ ሥርዓቱን ፈጽመው ያንኑ የመንግሥት ወረቀት ሞልተው ይፈርማሉ፤ በአምስት ቀን ውስጥም ለፍርድ ቤቱ ይመልሳሉ። አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ታጋባለች፣ መንግሥት ከኋላ መጥቶ ይመዘግባል። እዚህ መንግሥት ቀድሞ ይፈቅዳል፣ ካህኑ ይፈጽማል። ታዲያ ካህኑ እስክሪብቶውን ሲያነሣ የማን አገልጋይ ነው? ዲያቆኑ ሕጉን አልተቃወሙም፤ አልደገፉምም። የጠየቁት ቤተ ክርስቲያን ይህን ፊርማ ትታ፣ ምእመናኑ በፍርድ ቤት ተጋብተው ለተክሊል ብቻ እንዲመጡ ብታደርግ ምን ይጎድልባታል የሚል ነው።

እዚህ ላይ የውይይቱ አየር ተለወጠ። 11ኛው መልስ ሰጪ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሲጠቀምበት የነበረውን አንቱታ ትቶ ዲያቆኑን አንተ እያለ ጻፈ፤ ካህኑን ከጋብቻ መዝገብ ማስወጣት የሚመኝ የጠላትን ሥራ የሚሠራ ነው አለ። 12ኛዋ በበኩሏ 11ኛውን የአሥር ዓመት ቁርሾ እንደተሸከመ ሰው ገልጻ፣ ሕጉ በወጣ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ የኛ ካህን እንኳ ያለ ፈቃዱ ሲያጋባ አይቶ ወይም ሰምቶ እንደሆነ ይንገረን ብላ ተፈታተነችው። አልነገራትም፤ በምትኩ ወላጆቿን ጠቅሶ ተሳደበ። አወያዩ ሁለት መልስ ሰረዘ። ዲያቆኑ ደግመው አልጻፉም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን አልጽፍም ነበር።

13ኛው ጸሐፊ ምናልባት ነገሩን ለማብረድ ብለው ይሆናል፣ ስለ ቁማር አነሡ። በዚያው ወረቀት ላይ ጥያቄ 7 ተብሎ ቁማር ቤቶችን የማስፋፋቱ ጉዳይ ቀርቦ በጠባብ ልዩነት አልፎ ነበርና፣ ስለ ጥያቄ 6 በየሳምንቱ የሚሰብኩ ስለ 7 አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እንዳለፉ፣ የእኛን ሰው ቤት ያፈረሰው ግን የትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል አሉ። ጥያቄ 4 ደግሞ ወረቀት የሌላቸው የስደተኛ ልጆች በነዋሪ ክፍያ ኮሌጅ እንዲማሩ የሚፈቅደው ነበር፤ እሱም አልፏል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ለ4 አዎ፣ ለ6 አይሆንም፣ ለ7 ዝም ማለት እንደሚችል፣ ድምፅ ደግሞ በጥቅል የሚሸጥ ዕቃ እንዳልሆነ ጻፉ። ከርእሱ ቢወጡም ለዛ ነበራቸው።

14ኛዋ ብዙ ሰው የማያውቀውን አመጣች። በሜሪላንድ ለእነዚህ ጥንዶች ከጋብቻው በፊት የደረሰላቸው ፍቺው ነው። በካሊፎርኒያ የተጋቡ ሁለት ሴቶች እዚህ መፋታት ፈልገው በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለ ዳኛ ጋብቻችሁ ስለማይጸና ፍቺ የለም ብሎ መልሷቸው ነበር። በሜይ 18 ቀን 2012፣ ሕዝበ ውሳኔው ገና ሳይካሄድ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ጋብቻው በሌላ ቦታ በሕግ ከተፈጸመ እዚህ ሊፋቱ ይገባል አለ። ፍርድ ቤት ሚና አልነበረውም የሚመስለውን የእኔን መነሻ ይህ በጥቂቱ ያወሳስበዋል ብላለች፤ ልክ ናት፤ ከመጀመሪያው ያነሣሁት ነገር ግን ጋብቻውን ማን አጸናው የሚለውን ነው።

15ኛው ጸሐፊ ስሙን አልገለጸም። ሕጉ የሚመለከተው ሰው እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጥገኝነት እንዳገኘ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣው የአገር ቤቱ የ1996 ዓ.ም. (ይህ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ለእርሱ የንባብ ጉዳይ እንዳልነበረ ጻፈ። ጃንዋሪ 2013 ላይ ጓደኛውን ለማግባት መብት ቢያገኝም፣ በአውሮፓውያኑ 1996 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጋብቻን የወንድና የሴት ብቻ ብሎ ስለበየነ፣ የሜሪላንድ ወረቀት በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ዋጋ አልነበረውም፤ ዜጋ የሆነ ሰው እንኳ እንዲህ ላለ የትዳር አጋሩ ግሪን ካርድ መጠየቅ አይችልም ነበር። ያ የተለወጠው ጁን 26 ቀን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን አንቀጽ ሲሽረው ነው። እርሱ መራጭም ዳኛም እንዳስፈለገው፣ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር ደግሞ ሕጉ ለማይነካው ሰው የሚመች ጨዋታ እንደሆነ ነገረን። የተጻፈለት አንድ መልስ በአወያዩ ተሰረዘ። ሌላ ማንም አልመለሰለትም። በሌሎቹ መልሶች ላይ እንደልባቸው የሚከራከሩ ሰዎች ጉዳዩ የራሱ የሆነ ሰው ሲመጣ ዝም ማለታቸው አላማረኝም።

16ኛው ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ተመለሰ። የ2015ቱ ውሳኔ ነገ ቢሻር ምን ይሆናል አለ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ በ2006 በ57 በመቶ ድምፅ ክልከላውን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ጽፋለች፤ ክልከላው የሚያንቀላፋው ዋሽንግተን ስላስተኛው ነው። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግም አንድ ክፍለ ግዛት በሌላው የተፈጸመን ጋብቻ እንዲያከብር እንጂ ራሱ እንዲያጋባ አያስገድድም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የራሷ ሕግ ስላለ ምንም አይነቃነቅም ብሎ ደመደመ። 17ኛው በዚህ ላይ የስም እርማት ብቻ አቀረበ፤ ሲጠቀስ የቆየው የይግባኝ ፍርድ ቤት የክፍለ ግዛቷ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እንደነበረና ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተብሎ እንደሚጠራ ነገረን።

18ኛው መልስ እንደገና የ2ኛው ጸሐፊ ነው። 16ኛውን ምንም አይነቃነቅም ማለትዎ ትንሽ ፈጥኗል አሏቸው። ጥያቄ 6 የሜሪላንድን ሕገ መንግሥት አልነካም፤ ያጸናው ተራ ሕግ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት 71፣ በሴኔት 24 ድምፅ ያገኘ ወገን፣ አገረ ገዥው ከፈረሙለት፣ ሕዝቡን ሳይጠይቅ ሊሽረው ይችላል። በሕግ ዓይን 1.37 ሚሊዮን ሰው የደገፈው ሕግ ማንም ሳያየው በሌሊት ካለፈ ሕግ አይበልጥም። የሚበልጠው በፖለቲካው ነው፤ ወረዳው በስንት ድምፅ እንደደገፈው እያወቀ እጁን አውጥቶ ይሻር የሚል ተወካይ በቀጣዩ ምርጫ ምን እንደሚጠብቀው አስቦ ነው የሚያወጣው። ለሞንትጎመሪ ተወካይ ይህ ብርቱ አጥር ነው፤ በብዙዎቹ የገጠር ካውንቲዎች ግን ተቃውሞው ስላሸነፈ አጥሩ የለም።

19ኛው፣ የመጨረሻው መልስ፣ ለዲያቆኑ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ለረጅም ዘመን በዚሁ አካባቢ እንዳገለገሉ የገለጹ ካህን ሲሆኑ፣ ወረቀቱን የሚፈርሙት በፊታቸው ቆመው ስለተጋቡት አንድ ወንድና አንዲት ሴት መሆኑን፣ ሬጅስትራሩ በሌላ መስኮት ለማን ፈቃድ እንደሰጠ ፊርማቸው እንደማይመሰክር፣ ወረቀቱን ካልፈረሙ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዱት እንግሊዝኛ የማያውቁትና ለፍርድ ቤት ሥርዓት እንግዳ የሆኑት ምእመናን እንደሚሆኑ በትሕትና አስረዱ። እኔ ወደ ካህኑ አደላለሁ፤ የዲያቆኑ ጥያቄ ግን በዚህ አልተዘጋም። እንዲያውም ሕጉ ካህኑን አትገደድም ማለት ያስፈለገው የመንግሥትን ሥራ በእጁ ስለሰጠው ነው፤ ያን ሥራ ባይሰጠው ኖሮ ከጥያቄ 6 አራት ክፍሎች ቢያንስ አንደኛው አያስፈልግም ነበር። ዲያቆኑ አሁንም እያነበቡ ከሆነ በዚህ ላይ ቢጽፉ ደስ ይለኛል፤ 11ኛውን መልስ አወያዩ ሰርዞታል።